የገና ጌጥ ከካርቶን፣ ከሃይላንድና ከጨው ሊጥ

በዋዜማው ምሽት ተሠርቶ በዚያው ሌሊት የሚሰቀል ጌጥ ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ ወለል ላይ ወድቆ ይገኛል። ሙጫው አልደረቀም፤ ሊጡ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ካርቶኑ ጎብጧል። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ብዙ ብር አይፈጁም፤ ቀን ግን ይፈጃሉ። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ታኅሣሥ 5 አካባቢ ሥራ መጀመር ይበቃል።

እቃ መሰብሰቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የሚጾም ቤት እንቁላል መግዛት ያቆማል፤ ስለዚህ 30 እንቁላል የሚይዘውን ግራጫ ትሪ ከጾሙ በፊት ማስቀመጥ አለባችሁ። ለዶሮ ወጡ እንቁላል ሲገዛ ጌጡ ተሰቅሎ መሆን አለበት። ትልልቅ ካርቶን (የፍሪጅ፣ የቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን) የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሲያወርዱ ስለሚጥሉት አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ከቆራሌ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ መግዛትም ይቻላል። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሶፍት ማዕከላዊ ጥቅል፣ ያለቀ ደብተር፣ የዳቦ ወረቀት ከረጢት፣ የሽቦ ልብስ መስቀያ፣ ከግድግዳ ቀለም የተረፈ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ የጥለት ቁራጭ፣ ቆርኪ፤ እነዚህን በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ አጠራቅሙ። ጠርሙሱን ግን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ነው። የስኳር ቅሪት ያለበት ጠርሙስ ጉንዳን ይጠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቀለም ወስኑ። ከተጣለ ነገር የተሠራ ጌጥ ጉዱ የሚወጣው ቀለሙ ሲበዛ ነው። የካርቶኑ ቡኒ፣ ነጭና አንድ ደማቅ ቀለም (ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ) ይበቃሉ። የብስኩትና የከረሜላ ብልጭልጭ ወረቀት የግድ መጨመር ካማራችሁ በውስጠኛው የብር ገጽ ተጠቀሙ፤ ጽሑፉ በውጭ በኩል ከታየ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል።

ሙጫው

ለወረቀት ሥራ ሁሉ የዱቄት ሙጫ ይሆናል። ግማሽ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እንክብሉ እስኪጠፋ ምቱት። በሌላ ድስት አንድ ተኩል ኩባያ ውሃ አፍልታችሁ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ፤ በዝግታ እሳት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይብሰል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጠን ያለ አብሲት መሆን አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩበት፤ ሻጋታ ያዘገያል። ቀዝቃዛ ቦታ ተከድኖ 4 ቀን ይቆያል፤ ከሸተተ ድፉት። ዱቄቱን በቀጥታ በሙቅ ውሃ የበጠበጠ ሰው እንክብል የበዛበት ሙጫ ያገኛል፤ እንክብሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ይህ ሙጫ በፕላስቲክና በቆርቆሮ ላይ አይሠራም፤ ደርቆ ይላጣል። ለፕላስቲክ በክርና በሽቦ ማሰር ይሻላል። ነጩ ኮላ ለካርቶን በካርቶን፣ ለጨርቅና ለእንጨት ነው። ከሁለቱም የትኛውንም ስትቀቡ ሰፊ ካርቶን በአንድ ወገን ብቻ ከራሰ ሲደርቅ ወደዚያው ይጎብጣል። መፍትሔው ሌላውን ወገንም በስሱ መቀባት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ጭኖ ማሳደር ነው።

የካርቶን ዛፍ

ጽድ ቆርጦ ማምጣት ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽድ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ የተቆረጠውም በታኅሣሥ ደረቅ አየር ቶሎ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ በጥቂት ሰከንድ የሚንቦገቦግ ማገዶ ነው። ከካርቶን የሚሠራው ዛፍ ለከርሞም ያገለግላል። አሠራሩ ሁለት ሰሌዳ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ማቆላለፍ ነው።

ሁለት ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው ቁመት 120፣ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር። ካርቶኑን ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ሞገድ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሞገዱ ከላይ ወደ ታች መቆም አለበት። አግድም ከሆነ ካርቶኑ በራሱ መታጠፊያ አለው ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ ኮከብ ስትሰቅሉበት አንገቱን ይደፋል። የካርቶን ዛፍ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው።

ሁለቱ ጎን እኩል እንዲሆን የግማሹን ቅርጽ በጋዜጣ አውጡ። ጋዜጣዎችን አጣብቃችሁ 120 በ40 ካደረጋችሁ በኋላ በአንዱ ወገን ቀጥ ያለ መስመር፣ በሌላው ወገን ከላይ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ አራት እርከን ሳሉበት። የመጨረሻው እርከን ታች ሙሉ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁንና መሬት ላይ ይቀመጥ። ቀጭን ግንድ ሠርቶ ከላይ ዛፍ ማቆም ያምራል፤ ግን አይቆምም። የቅርንጫፉ ጫፍ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይጥበብ፤ ከዚያ ካነሰ ጌጥ ሲንጠለጠልበት ይታጠፋል። ጋዜጣውን ካርቶኑ ላይ አኑራችሁ በእርሳስ ዙሩት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ሌላውን ግማሽ ሳሉ።

ቁረጡት በስለታም ከተርና በብረት ማስመሪያ፤ ከሥሩ ሌላ አሮጌ ካርቶን አንጥፉ። በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አትጫኑ፤ ሦስት አራት ጊዜ በዚያው መስመር መመላለስ ነው። መቀስ ሞገዱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ጠርዝ ደግሞ ቀለም ቢቀባም ተጨፍልቆ ይቀራል።

አሁን ስንጥቁ። በመጀመሪያው ሰሌዳ ከአናት እስከ መሐል፣ በሁለተኛው ከታች እስከ መሐል መሰንጠቅ ነው። የእያንዳንዱ ርዝመት 60 ሳይሆን 61 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ያቺ ትርፍ ከሌለች አንደኛው ሰሌዳ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል። የስንጥቁ ስፋት ከካርቶኑ ውፍረት ጋር እኩል ነው፦ ነጠላ ሞገድ ካርቶን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ድርቡ 7 ሚሊ ሜትር ያህል። በግምት አትቁረጡ። በቁራጭ ካርቶን ሞክሩና ትንሽ እየተጋፋ የሚገባውን ልክ ያዙ። ሰፍቶ ከተቆረጠ ዛፉ ይወዛወዛል፤ ያኔ በስንጥቁ ጎንና ጎን ቀጭን የካርቶን ቅዳጅ በኮላ ለጥፋችሁ ማጥበብ ትችላላችሁ።

ታች የተሰነጠቀውን ሰሌዳ ከላይ አምጥታችሁ በሌላው ላይ አውርዱት። አራቱ ክንፎች እኩል ሲርቁ ከላይና ከታች ከመገናኛው አጠገብ በወስፌ ቀዳዳ አብጅታችሁ በክር እሰሩት። ኮላ አታድርጉበት፤ ክሩን ፈትታችሁ ሁለቱን ሰሌዳ ካላቀቃችሁ ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር ይተኛል። ከታች በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች አሸዋ የተሞላ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አቁሙ። ልጅ ያለበት ቤት በአራቱም ማዕዘን ይሁን።

ብዙ ሰው ዛፉን በአረንጓዴ ወረቀት ዘርፍ መሸፈን ያምረዋል። ከመጀመራችሁ በፊት አስሉት፤ የሁለቱ ሰሌዳ አራት ገጽ ተደምሮ ወደ 1.9 ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ዘርፍ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየታየ ከተደራረበ 38 ሜትር ዘርፍ መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው። ሥራውን የሚጋሩ ብዙ እጆች ከሌሉ አትግቡበት። ቡኒውን እንዳለ ትታችሁ ጠርዙን ሁሉ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነጭ የግድግዳ ቀለም ብታስምሩት ከሩቅ በረዶ ያረፈበት ይመስላል፤ በእኛ ዓይን ከአረንጓዴው ይልቅ ያምራል። ኖራ ግን አትቀቡ፤ ይራገፋል፣ ወለሉንም ያነጣል።

የአናቱ ኮከብ

በትንሽ ልፋት ብዙ የሚታየው ጌጥ ከዳቦ ከረጢት የሚሠራው ኮከብ ነው። ወርዱ 13፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ 8 የወረቀት ከረጢት ውሰዱ። ከጠፋ ከካኪ ወረቀት ሥሩት፤ 28 በ28 የተቆረጠውን ጠቅልላችሁ በ2 ሳንቲ ሜትር ድርብ አጣብቁትና ታቹን 3 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ዝጉት።

ከረጢቶቹን ሁሉ አፋቸውን ወደ ላይ፣ የታጠፈውን ታች በአንድ ወገን አድርጋችሁ ደርድሩ። በመጀመሪያው ላይ ሁለት የሙጫ መስመር ስቡ፤ አንዱ የታችኛውን ጠርዝ ይዞ አግድም፣ ሌላው ከዚያ መሐል ተነስቶ እስከ አፉ ቀጥ ብሎ። ሁለተኛውን ልክ ለልክ ጫኑበት፤ እንዲህ እያላችሁ ስምንቱን ደርቡና መጽሐፍ ጭናችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ከደረቀ በኋላ የአፉን ሁለት ጥግ በመቀስ ወደ መሐል አሹሉ። ከጎኖቹ ሦስት ማዕዘን ወይም ግማሽ ክብ ልታወጡ ትችላላችሁ፤ ግን ከመሐለኛው የሙጫ መስመር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ራቁ። አሁን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ከረጢት ይዛችሁ ክፈቱት፤ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ኮከብ ይዘረጋል። ሁለቱን ጫፎች አጣብቃችሁ ክር አስገቡ።

ክቡ አልገጥም ካለ ከረጢት ጎድሎበታል፤ ዘጠነኛ ጨምሩ። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ከታየ ሙጫው እስከ ታችኛው ጠርዝ አልደረሰም ማለት ነው። ለካርቶን ዛፍ አናት ግን ይህ ልክ ትልቅ ነው፤ ከረጢቱን በ12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቁረጡት፣ ወይም ትልቁን መስኮት ላይ ሰቅላችሁ ለዛፉ የሰበዝ ኮከብ ሥሩ።

የሰበዝ ኮከብ ለሰፌድ ከሚሆን ስንደዶ ወይም ከስንዴ አገዳ ይሠራል። ደረቅ ሰበዝ ሲታጠፍም ሲታሰርም ይሰነጠቃል፤ ለብ ባለ ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ሰበዞች ያዙ። ሁለቱን በመስቀል፣ ሁለቱን ሌሎች ደግሞ በላያቸው በሰያፍ አድርጋችሁ መሐሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጡ። ቀይ ክር በላይ ባለው ሰበዝ ላይ፣ በቀጣዩ ሥር፣ እንደገና በላይ እያለ ዙሩን ይጨርስና ከጀርባ ጥብቅ ብሎ ይታሰር። ክሩ ላይና ታች ካልሄደ ሰበዞቹ ተንሸራትተው አንድ ወገን ይከመራሉ። ጫፎቹን በሰያፍ መቁረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሰበዙ ሳይደርቅ ከተቆረጠ ጫፉ ይተረተራል። በቀለም የተነከረ አክርማ ካላችሁ በክሩ ፋንታ ተጠቀሙበት።

የጨው ሊጥ

ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ውሃ። ዱቄቱንና ጨውን በደረቁ ቀላቅሉ፤ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ 10 ደቂቃ እሹት። እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት፣ ሲዳምጡት ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ በማንኪያ መጨመር ነው። ጨው ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ ውቀጡት። ቤኪንግ ፓውደር ወይም እርሾ ያለበት ዱቄት አይሆንም፤ ያብጣል።

በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጡና በስኒ አፍ ቁረጡት። ከዚህ መጠን 30 ያህል ክብ ይወጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት የጥለት ቁራጭ ወይም ጥልፍ ያለው ጨርቅ በላዩ ዘርግታችሁ በጠርሙስ ብታንከባልሉበት የጨርቁ አሻራ ሊጡ ላይ ይቀራል፤ ቀለም እንኳ አያስፈልገውም። የክሩን ቀዳዳ በስትሮ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱ። ወደ ጠርዝ ከተጠጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ማድረቅ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚቸኩለው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከ4 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ሰፌድ ወይም ወንፊት ላይ አስጡት፤ ላስቲክ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ይጎብጣል። ጠዋት ጠዋት ገልብጡት፤ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ጤዛ የቀኑን ሥራ ያበላሻል። ምድጃ ያለው ሰው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያቆየው። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ያብጣል፣ ይጠቁራል። የእንጀራ ምጣድ ላይ መጋገርም ተመሳሳይ መዘዝ አለው፤ እንጀራው ተጋግሮ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ለብ ሲል ማኖር ግን ለመጨረሻው ማድረቅ ጥሩ ነው። መድረቁን የምታውቁት በጥፍር ስትመቱት ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ጉንጭ ላይ ሲያደርጉት ደግሞ የማይቀዘቅዝ ሲሆን ነው።

ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል። ስለዚህ በሁለቱም ገጽና በጠርዙ ላይ ሁለት ዙር ቫርኒሽ ቀቡ፤ ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባት አያድነውም። እንደ ዱባይና ጂዳ ባለ ወበቃማ ከተማ ለምትኖሩ ያለ ቫርኒሽ ከመሥራት አለመሥራት ይሻላል፤ ጌጡ ያልባል፣ ከክሩ ተቆርጦ ይወድቃል። ውሻ ያለበት ቤት ዝቅ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አይሰቀል፤ የጨው ሊጥ ለውሻ አደገኛ ነው።

ከሃይላንድ፣ ከትሪና ከሶፍት ጥቅል

የለስላሳ ጠርሙስ ታች አምስት እግር አለው፤ ከእግሮቹ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ስትቆርጡት ባለ አምስት ቅጠል አበባ ሆኖ ይወጣል። የተራ ውሃ ሃይላንድ ታቹ ሌላ ቅርጽ ስላለው ለዚህ አይሆንም። በከተር ብሱና በመቀስ ጨርሱ። ጠርዙ ቆዳ ይቆርጣል፤ ካውያ በዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጋችሁ በስስ ጨርቅ በኩል ጠርዙን ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ንኩት፤ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይለሰልሳል። ከዚያ ከቆየ ይኮማተራል፤ ጨርቅ ከሌለ ካውያው ላይ ይጣበቃል። መስኮት ክፈቱ። ቀለም ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ስለማይዝ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ እንዳለ ተዉት፣ ብርሃን ሲያልፍበት በራሱ ያምራል። የጠርሙሱ አንገት ደግሞ ከክዳኑ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲቆረጥ ደወል ነው፤ ክዳኑን በጋለ ምስማር በስታችሁ ክር አሳልፉ፣ ውስጡ ሁለት ቆርኪ አንጠልጥሉ።

ከእንቁላል ትሪ እያንዳንዱን ጉድጓድ ቆርጣችሁ ጠርዙን በአራት ቅጠል ብትከፍሉት አበባ ነው። ከሶፍት ጥቅል በ1.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስድስት ቀለበት ይወጣል፤ ተጨፍልቀው በአንድ ጫፍ ሲጣበቁ ያው አበባ ናቸው። ሲጣበቁ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙ።

የበሩ አክሊልና የገና ዱላ

የሽቦ መስቀያውን ዘርግታችሁ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርጉት፤ መንጠቆው ለመስቀያ ይቆይ። ከአሮጌ ነጠላና ከጥለት ቁራጭ 3 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ከ90 እስከ 100 ቅዳጆች ቆርጣችሁ ሽቦው ላይ አንድ በአንድ አንድ ጊዜ ቋጥሯቸው፣ እየተገፉ ይጠጋጉ። ሽሮ ሜዳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ቁራጩን ስለሚጥሉት መጠየቅ አያሳፍርም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲቆረጥ ድሩ ይፈታል፤ ጠርዙን በቀጭን ኮላ አስሉትና አድርቁት። ክቡ ላይ ጨርቁ ብዙ ካልተጠጋጋ ሽቦው ይታያል፤ ሥራው ሁሉ በዚያ ይበላሻል።

ለዛፉ የሚስማማ የአገር ቤት ጌጥ የገና ጨዋታ ዱላና ሩር (ኳሱ) ነው። ገና ያልደረቀ ቀጭን ቅርንጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ አንድ ጫፉን አጉብጡና በክር ገትራችሁ ሦስት ቀን አድርቁት። ሩሩን ከተጣለ ሹራብ ክር 2 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ሁለቱን በአንድ ክር አንጠልጥሉ።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ የቀኑ ልዩነት ጥቅም አለው። ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ሱቆች የጌጥ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ጎረቤት የጣለው ዛፍም መንገድ ዳር ይገኛል። ለአክሊል የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ውሰዱ፤ ሙሉውን ዛፍ ግን አታስገቡ፣ ያን ጊዜ ደርቋል።

መብራትና ማስቀመጥ

ወረቀትና ካርቶን ላይ የሚሆነው የኤል ኢ ዲ መብራት ብቻ ነው። የድሮው ትንንሽ አምፖል ይግላል። ገመዱ የተላጠ ከሆነ በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም አይገባም። ሻማና ጧፍ ከዛፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ፤ በረዶ እንዲመስል የተበተነ ጥጥ ደግሞ እሳት ሲያይ አንድ ጊዜ ነው የሚያያዘው። የተቃጠለ አምፖል ቀለም ቀብተው የሚሰቅሉ አሉ፤ የድሮው ክብ አምፖል ከሆነ ይሁን፤ ጠምዛዛው ቆጣቢ አምፖል ግን ውስጡ ሜርኩሪ ስላለው በምንም ዓይነት ለጌጥ አይሁን።

ሲወርድ የጨው ሊጡን እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ክደኑ፤ ካርቶን ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ አይጥ ይበላዋል። የከረጢቱ ኮከብ አንዱ መገጣጠሚያ ብቻ ተላቅቆ ተመልሶ ይታጠፋል። ጨርቁ አክሊል በላስቲክ ተሸፍኖ ይሰቀል እንጂ ሌላ ነገር አይጫንበት።